ሌዊስ ጆንስ ከዳ ወይስ መብቱን ተጠቀመ?

አወያይ፦ የዛሬው ሰው ሌዊስ ጆንስ ነው። ከጎርሴይነን የወጣ ዌልሳዊ፣ የራግቢ ዩኒየን ተጫዋች። ጥር 1950 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ገና በ18 ዓመቱ ለዌልስ ተሰልፎ እንግሊዝን በሜዳዋ ትዊከንሃም 11 ለ 5 አሸነፉ። በዚያ ዓመት ዌልስ ሁሉንም ተጋጣሚዎቿን ረትታ ከ1911 ወዲህ የመጀመሪያውን ግራንድ ስላም አገኘች። ልጁ 10 ጊዜ ለአገሩ ከተጫወተ በኋላ ኅዳር 1952 የሰሜን እንግሊዙ ሊድስ ክለብ 6,000 ፓውንድ ሰጥቶ ወደ ራግቢ ሊግ ወሰደው። ዩኒየን በ15 ሰው፣ ሊግ በ13 ሰው የሚጫወቱ ሁለት የተለያዩ የራግቢ ዓይነቶች ናቸው። ዩኒየን ያኔ አማተር ነው፣ ደመወዝ የለውም። ሊግ ይከፍላል። ወደ ሊግ የሄደ ሰው ግን የዩኒየን በር እድሜ ልኩን ተዘጋበት ማለት ነው። ከድቷል ትላላችሁ?

ቀዩ ማልያ፦ አዎ፣ ከድቷል። በ1950 የብሪቲሽ ላየንስ ቡድን (ከብሪታንያና ከአየርላንድ ተመርጦ የሚወጣው የጋራ ቡድን) ኒውዚላንድ ላይ ሰው ሲጎዳበት በአውሮፕላን ያስመጣው እሱን ነው። ሌሎቹ በመርከብ ነው የሄዱት! ይህን ሁሉ ክብር አግኝቶ በ21 ዓመቱ ጥሎ ሄደ። ኬን ጆንስን እዩት እስቲ። በ1948 ለንደን ኦሎምፒክ በ4 በ100 ዱላ ቅብብል የብር ሜዳሊያ ያገኘ ሯጭ ነው። እንዲህ ያለ ፈጣን ሰው ሊግ አይፈልገውም ብላችሁ ነው? እሱ ግን ቀረ። 44 ጊዜ ተሰለፈ። በ1953 ኒውዚላንድ 13 ለ 8 ስትሸነፍ የማሸነፊያውን ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚው መስመር ማዶ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) ያስቆጠረው እሱ ነው። ዌልስ ከዚያ ወዲህ ኒውዚላንድን አሸንፋ አታውቅም።

ባለ 13፦ ኬን ጆንስ መምህር ነበር፣ ወንድሜ። ቋሚ ደመወዝ ላለው ሰው በነጻ መጫወት ብዙም አይከብድም። ጠቡ የመጣው ከዚሁ ነው። በ1895 የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ሠራተኛ ተጫዋቾች ለጨዋታ ሲሉ ከሥራ ለሚቀሩበት ቀን ካሳ ይከፈላቸው ብለው ጠየቁ። እምቢ ሲባሉ ተገንጥለው ሄዱ። ሊግ የተወለደው እንዲህ ነው። 6,000 ፓውንድ ደግሞ በዚያ ዘመን ከአንድ በላይ ቤት ይገዛል። አንተ ብትሆን ትተወው ነበር?

የላኔሊ አማች፦ የተረሳ ወገን አለ፣ ክለቡ። እንደ ላኔሊ ወይም ኒዝ ያለ የዌልስ ክለብ ልጁን አሳድጎ ሰሜኑ ሲወስድበት አንዲት ሳንቲም አያገኝም። አማተር ስለሆነ መጠየቅም አይችልም። ገንዘቡ ለተጫዋቹ ነው። ተጫዋቹን አልወቅስም፣ የመንደሩ ቅሬታ ግን ይገባኛል።

ባለ 13፦ ቅሬታው ይግባህ፣ እሺ። እድሜ ልክ ማገድን ምን አመጣው? ቢሊ ቦስተንንስ ምን ትሉታላችሁ? አባቱ ከሴራሊዮን የመጣ የካርዲፍ ልጅ። የዌልስ ዩኒየን አንድም ቀን አላሰለፈውም። በ1953 የሊጉ ክለብ ዊጋን ወሰደው፣ ለዊጋን ብቻ 478 ትራይ አስቆጠረ። ለአገሩ ሳይሰለፍ የቀረን ሰው ማን ከዳው ልትሉ ነው?

ቀዩ ማልያ፦ የቦስተን ጉዳይ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ጥፋቱ የዌልስ ነው፣ አልከራከርም። ሌዊስ ጆንስ ግን ተሰልፏል፣ ተጨብጭቦለታል። ሊድስ ሄዶ በ1956-57 በአንድ የውድድር ዘመን 496 ነጥብ አስቆጠረ። ለእኛ ሊሆን የሚችል እግር ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ባለ 13፦ ስለዚህ አንተ ተቀየምክ እንጂ እሱ አልከዳም። ዩኒየን ራሱ ነሐሴ 1995 ክፍያ ፈቀደ። ጆናታን ዴቪስ በ1989 ወደ ሊግ ሄዶ ነበር፣ በሩ ሲከፈት ተመልሶ እንደገና ለዌልስ ተሰለፈ። ሕዝቡም በጭብጨባ ተቀበለው። ያኔ ሌዊስ ጆንስ 64 ዓመቱ ነበር።

ቀዩ ማልያ፦ እገዳው ግፍ ነበር፣ ይሄን እቀበላለሁ። በ1952 መሄዱን ግን አሁንም አልወድለትም።