ቤዜ ለብቻዬ ስጫወት ያምራል ባንድ ውስጥ ግን ይጠፋል፣ ወደ ባለ 5 ክር ልቀይር?

ዝምተኛው_ቤዝ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። ቤዝ ጊታር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ነው፣ ሥራዬ ሌላ ነው፣ ሙዚቃው የሳምንት መጨረሻ ሱስ ነው በሉት። አምስት ሆነን እንለማመዳለን፣ ድራም፣ ሁለት ጊታር፣ ኪቦርድና እኔ። ቤዜ የፌንደር ፕሪሲዥን የሚባለው ቅርፅ ያለው ባለ 4 ክር ነው፣ ክሩ ራውንድዋውንድ ነው፣ ከገዛሁት ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም። አምፔ 40 ዋት ባለ 10 ኢንች ስፒከር።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ቤት ብቻዬን ስጫወት ድምፁ በጣም ያምራል፣ ወፍራም፣ ደረት ላይ የሚያርፍ። አምፑ ላይ ባሱን (ወፍራሙን ድምፅ) ወደ ላይ፣ ሚዱን (መሃለኛውን) እስከመጨረሻው ወደ ታች አድርጌ ነው የምጫወተው። ልምምድ ላይ ግን የለሁም በቃ። ድምፅ ስጨምር ክፍሉ እምምም ማለት ይጀምራል ግን የቱን ኖት እንደተጫወትኩ ማንም አይለየውም። ባለፈው ኬብሌ ከአምፑ ተነቅሎ ግማሽ ዘፈን ያህል በባዶ ስጫወት ማንም አልነቃም፣ የሚያናድደው እኔም አልነቃሁም።

እና ይሄን ሸጬ ባለ 5 ክር አክቲቭ (ባትሪ ያለው) ቤዝ ልግዛ እያልኩ ነው። ሌላው እጄ ትንሽ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ላይ ትንሿ ጣቴ አትደርስም፣ ግድ ካልኳት ደግሞ አንጓዬን ያመኛል። ድራመራችን በጣት ሳይሆን በፒክ (በክር መምቻዋ ቁራጭ) ተጫወት ይለኛል፣ አንድ ሌላ ልጅ ደግሞ ቤዝ በፒክ ነውር ነው አለኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

ወፍራም_ክር

ኧረ ወንድሜ አትሽጥ! ቢያንስ ይቺን አንብበህ እስክትጨርስ።

ሚዱን እስከመጨረሻው ወደ ታች ካልክ በኋላ የቀረውን ማንበብ አላስፈለገኝም ነበር። ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ብቻህን ስትሆን ታችኛውን ድምፅ የሚሻማህ ሰው የለም፣ ስለዚህ ባሱ በበዛ ቁጥር ያምራል። ባንድ ውስጥ ግን ያ ቦታ ላይ ኪክ ድራሙ (በእግር የሚመታው) አለ፣ የኪቦርዱ ግራ እጅ አለ (እሱን ልጅ በጨዋ ደንብ አናግሩት፣ ግራ እጁን ቀነስ ቢያደርግ ግማሹ ችግርህ ይፈታል)፣ የክፍሉ የራሱ ጉምጉምታም አለ። አንተን ከነሱ ለይቶ የሚያሰማህ መሃሉ ነው፣ ከ200 እስከ 800 ሄርዝ ባለው ውስጥ፣ እሱን ደግሞ በገዛ እጅህ ቆርጠህ ጣልከው።

የወፍራሙ ክር፣ የኢ፣ መነሻ ድምፁ 41 ሄርዝ አካባቢ ነው። ያንተ አይነት ትንሽ አምፕ እሱን አስተካክሎ አያወጣውም፣ የምንሰማው አብዛኛው ከሱ በላይ 82፣ 123 እያለ የሚደረደረውን ነው፣ የጎደለውን ታች ጭንቅላታችን ራሱ ይሞላዋል። በስልክ ስፒከር ዘፈን ስትሰማ የቤዙን መስመር የምትከተለው እንደዛ ነው እንጂ ያቺ ስፒከር 41 ሄርዝ የት ታውቃለች። አሁን ባለ 5 ክር ብትገዛ የታችኛው ቢ ክር 31 ሄርዝ ነው። 41ን ያቃተው አምፕ 31ን ምን ያደርገዋል? እምምምታውን ታባብሳለህ እንጂ አትሰማም።

ዋት ላይም አትሸወድ፣ ከ40 ወደ 80 ብትሄድ የምታገኘው 3 ዴሲቤል ነው፣ ያው ልዩነቱ ይሰማል ግን ትንሽ ነው። ጆሮህ እጥፍ ጨመረ እንዲል አስር እጥፍ ዋት ያስፈልግሃል። ከኃይለኛ ድራመር ጋር 40 ዋት ማነሱ አይቀርም እሱን አልክድህም፣ ግን መጀመሪያ በነፃ የሚሠራውን ሥራ። ባስ ኖቡን መሃል ላይ አድርገው፣ ሚዱን ከመሃል ትንሽ አሳልፈው፣ አምፑን ከጥግ አውጣውና ወንበር ላይ ስቀለው። ጥግ ላይ መሬት ያስቀመጥከው አምፕ ባሱን ከልክ በላይ ያሳብጠዋል፣ ጥርት ያለው ድምፅ ደግሞ ወደ ጉልበትህ ነው የሚሄደው፣ ጉልበት ጆሮ የለውም። ከዛ ቤት ብቻህን ሞክረው፣ ድምፁ ያስጠላሃል፣ አፍንጫ አፍንጫ ይላል። አትንካው፣ እንደዛው ልምምድ ላይ ውሰደው።

ስለ ፒክ ሌላ ሰው ይመልስልህ፣ እኔ ፒክ ስይዝ የጠፋ ሳንቲም የምፈልግ ነው የምመስለው።

ትንሿ_ጣት

እኔ ስለ እጁ ላውራ ምክንያቱም ስሜም ከዛው የመጣ ነው ሃሃ

ወንድሜ እጅህ ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ቤዝ ራሱ ሰፊ ነው። የተለመደው ቤዝ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች ነው፣ ማለትም 86.4 ሴንቲሜትር፣ ከ1ኛው ፍሬት እስከ 4ኛው ብትለካው 13 ሴንቲሜትር ይመጣል፣ ብዙ ጊታሮች ላይ ያው ቦታ 10 እንኳ አይሞላም። የጊታር ሰዎች አንድ ጣት ለአንድ ፍሬት ሲሉህ እሺ ብለህ እዛ ጋ ጣትህን መዘርጋትህ ነው አንጓህን የሚያሳምምህ። እኔ ስድስት ወር ታምሜበታለሁ።

የድብል ቤዝ ተጫዋቾች ይሄን ድሮ ፈተውታል፣ ሲማንድል ይሉታል፣ ታች ያሉት ፍሬቶች ላይ ጠቋሚ፣ መሃል ጣት እና ትንሿ ጣት ብቻ ናቸው የሚሠሩት፣ የቀለበት ጣት ትንሿን ያግዛታል። ሦስት ፍሬት ትሸፍናለህ፣ አራተኛው ሲመጣ መላ እጅህን ታንቀሳቅሳለህ እንጂ አትዘረጋም። ከ5ኛው ፍሬት በኋላ ቦታው ይጠባል (ከ5 እስከ 8 ወደ 10 ሴንቲሜትር ነው)፣ እዛ አራቱንም ጣት ተጠቀም። ስትራፕህንም አሳጥረው፣ ቤዙ ጉልበትህ ላይ ሲንጠለጠል መልክ ያምራል አንጓ ግን ይታጠፋል። ካመመህ ደግሞ አቁም፣ ችዬ እለምደዋለሁ የሚባል ነገር የለም እዚህ ላይ።

ግድ መቀየር ካማረህ ሾርት ስኬል የሚባል አለ፣ 30 ኢንች፣ ያው 13ቷ ወደ 11 ተኩል አካባቢ ትወርዳለች። የልጆች ነው የሚል ሰው ካጋጠመህ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ የሚታወቅበት ያ የቫዮሊን ቅርፅ ያለው ሆፍነር ሾርት ስኬል ነው በለው። ክሩ ላላ ስለሚል ድምፁ ይለሰልሳል፣ እኔ እወደዋለሁ ሁሉም ሰው አይወደውም።

ፒክ ነውር ነው ላለህ ልጅ ደግሞ ቤዚስቷን ካሮል ኬይን ፈልጎ ይስማ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ውስጥ ስንት ነገር የቀዳችው በፒክ ነው። ፒክ የኖቱን መነሻ ጥርት ያደርገዋል፣ ድራመርህ የፈለገው እሱን ይመስለኛል። የመዳፍህን ጠርዝ ብሪጁ (ክሩ ታች የሚያርፍበት ብረት) ጋ ክሩ ላይ ጣል አድርገህ ሞክረው፣ አጭርና ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጥሃል።

ሁለት_ፒክአፕ

ከወፍራም ክር ጋ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሁሌ እዚህ ሰው ዕቃ ልግዛ ባለ ቁጥር እጅህን አስተካክል ይባላል፣ እሺ እጅም አለ ግን ዕቃም እኮ ዕቃ ነው። ፕሪሲዥን ላይ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት የሚይዘው ማግኔት) አንድ ቦታ ነው ያለው (በፈረንጆቹ 1951 ሲወጣ አንድ ነጠላ ነበር፣ በ1957 ነው ለሁለት የተከፈለው)፣ ያው የፌንደር ጃዝ ቤዝ ላይ ግን በ1960 ሲመጣ ሁለተኛ ፒክአፕ ብሪጁ ጋ አለው፣ እሱን ከፍ ስታደርግ ያ የሚያንጎራጉር ሚድ ራሱ ይመጣል፣ በኖብ ማምጣት ያቃተህ ነገር ማለት ነው። አንገቱም ቀጭን ነው፣ መነሻው ጋ 38 ሚሊሜትር ገደማ፣ ለትንሽ እጅ ይመቻል። ጉዳቱ ሁለቱን ቮልዩም እኩል ካላደረግክ ዝዝዝ ማለቱ ነው፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ አንዱ የአንዱን ዝዝታ ያጠፋዋል።

አክቲቭ ደግሞ አትፍራው። ሙዚክ ማን ስቲንግሬይ የሚባለው ቤዝ ከ1976 ጀምሮ በባለ 9 ቮልት ባትሪ ይኸው አለ። ኬብሉን ሰክተህ አትደር ብቻ፣ ኬብሉ እስከተሰካ ድረስ ባትሪው ይበላል። እኔ ስንቴ ልምምድ መሃል ሞቶብኝ ያውቃል መሰላችሁ።

ግን ከሁሉ በፊት ያንን ክር ቀይር በእግዚአብሔር። ሁለት ዓመት ተኩል! ራውንድዋውንድ ሽቦው ሸካራ ስለሆነ በየመሃሉ ላብና እድፍ ይይዛል፣ ጥርት የሚለው ድምፁ ይሞታል።

ወፍራም_ክር

@ሁለት_ፒክአፕ ክሩ ላይ ትክክል ነህ፣ አላየሁትም ነበር፣ ሁለት ዓመት ተኩል የሚለውን ልምዱ ነው ብዬ አለፍኩት። ግን አስበው፣ የሞታውን ቤዚስት የነበረው ጄምስ ጀመርሰን ያው በ1962 ምርት ፕሪሲዥን ነው የኖረው፣ ክር መቀየር አይወድም ነበር፣ ክሩ ፍላትዋውንድ (ሽቦው ለስላሳ የሆነው) ነበር፣ በቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ብቻ ነበር የሚጫወተው፣ የማን ድምፅ እንደሆነ ግን ሁለት ኖት ሰምተህ ታውቃለህ። ሌላው ቤዚስት ጃኮ ፓስቶሪየስ ደግሞ በ1962 ምርት ጃዝ ቤዝ፣ ፍሬቱ ተነቅሎ አንገቱ ኢፖክሲ (ጠንካራ ሙጫ) ተቀብቶ በራውንድዋውንድ። የአንድ ዓመት ዕቃ፣ የአንድ ኩባንያ፣ ሁለት ዓለም።

ሁለት_ፒክአፕ

ምሳሌህ እኮ እኔን ነው የሚያግዘው፣ የአንዱ ክርና ፒክአፕ ከሌላው ጋ ይገናኛል እንዴ? ለማንኛውም የሞተ ፍላትዋውንድና የሞተ ራውንድዋውንድ አንድ አይደሉም፣ የመጀመሪያው ሲያረጅ ድፍን ብሎ ይጣፍጣል፣ ሁለተኛው ሲያረጅ ቅኝቱ ራሱ ይዛነፋል። ዝምተኛው፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳትጫን ነካ ብቻ አድርገህ) ስማ፣ ከዛ ያንኑ ፍሬት ተጭነህ ስማ፣ ሁለቱ በቱነር ካልገጠሙ ወይ ክሩ ሞቷል ወይ ብሪጁ ላይ ያለው ሳድል መስተካከል አለበት። ክሩን ስትቀይር አንድ በአንድ ቀይረው፣ አራቱ አንድ ላይ አንገቱን ከ70 ኪሎ በላይ ነው የሚስቡት፣ ሁሉንም አላልተህ ብትተወው አንገቱ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ውፍረት የሚለወጥ ከሆነ ትራስ ሮዱ (አንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ) መስተካከል ሊፈልግ ይችላል፣ ከሩብ ዙር በላይ በአንዴ አታዙር።

ኪክ_ብቻ

ድራመር ነኝ ይቅርታ ጣልቃ ስገባ። እናንተ ስለ ዕቃ ትጨቃጨቃላችሁ እኔ ከኋላ ሆኜ የምሰማውን ልንገራችሁ። አማተር ቤዚስት ሁሉ ኖት መጀመር ያውቃል፣ ማቆም ግን አያውቅም። ኪኩ ዱም ብሎ ያልቃል ቤዙ ግን እስከሚቀጥለው ድረስ ኡኡኡ እያለ ይንሳፈፋል፣ ከዛ የሚቀጥለው ኖት እላዩ ላይ ያርፋል፣ ክፍት የቀረው ኤ ክር ደግሞ ማንም ሳይነካው ከነሱ ጋ አብሮ ያጉረመርማል። እምምም ያልከው ግማሹ ይሄ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ግራ እጅህን ከክሩ ሳታነሳ ላላ አድርገው፣ ኖቱ ይቆማል፣ የቀኝ አውራ ጣትህን ደግሞ የማትጫወትበት ወፍራም ክር ላይ አሳርፈው። ስልክህን ከክፍሉ መሃል አስቀምጥና አንድ ዘፈን ቅዳ፣ አምፑ ጋ ሳይሆን መሃል ላይ። ከዛ ራስህ ትሰማዋለህ።

እና ደግሞ ክሩን አትደብድበው። ስትናደድ ትደበድባለህ፣ ስትደበድብ ክሩ ፍሬቱን እየመታ ጧ ይላል ኖቱ ቶሎ ይሞታል። እጅህን አለስልስ አምፑን ጨምር።

ዝምተኛው_ቤዝ

ተመለስኩ። ሦስት ልምምድ አልፎ ነው የምጽፈው፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ @ትንሿ_ጣት አንቺን በተለይ፣ አንጓዬ እየተሻለው ነው፣ ስትራፑን አራት ቀዳዳ አሳጠርኩት አሁን የትምህርት ቤት ልጅ እመስላለሁ ግን ግድ የለም።

ያደረግኩት፦ ክር ቀየርኩ፣ አምፑን ወንበር ላይ ሰቀልኩ፣ ሚዱን ጨመርኩ፣ ቤት ሞከርኩት በጣም አስጠላኝ፣ እንደተባለው ሳልነካው ወሰድኩት። ኪቦርዲስቱን አናገርኩት ትንሽ አኮረፈ ግን ግራ እጁን ቀነሰ። ስልኩን መሃል ላይ አስቀምጠን ቀዳን፣ @ኪክ_ብቻ ውርርዱን አሸንፈሃል፣ የኔ ኖት አያልቅም፣ በተለይ ዘገምተኛው ዘፈን ላይ ራሴን ስሰማ አፈርኩ። አሁን ማፈን ብቻ በቀን 15 ደቂቃ በሜትሮኖም እየሠራሁ ነው። ፒኩን ፈጠን ባሉት ሁለት ዘፈኖች ላይ ይዤዋለሁ፣ ሌላው በጣት። ባለ 5 ክሩ ለጊዜው ቆይቷል፣ ጃዝ ቤዝ ግን አልዋሽም በእንቅልፌም ይመጣል @ሁለት_ፒክአፕ የአንተ ጥፋት ነው።

አሁን ሁሉም ይሰማኛል። ችግሩ ባለፈው ልምምድ ላይ ሁለተኛው ዘፈን ማዞሪያው ጋ ስንደርስ ጊታሪስቱ ቆም አለና "ይቺን ኖት አሁን ነው የጨመርካት?" አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስጫወታት የነበረችው ኖት ናት፣ ለካ ስህተት ነበረች።