ሊማሊሞን በ40 ደቂቃ እንዴት ልጨርሰው?

ጤና ይስጥልኝ፣ ከጎንደር ነው። በሚቀጥለው ወር ስለ ድሮ መንገድና መኪና በፎቶ የታገዘ ንግግር አቀርባለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ተጨንቄያለሁ።

ባለፈው ስለ ጅቡቲው ባቡር ነበር ያቀረብኩት። 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ እያልኩ ቁጥር ስደረድር ከኋላ የተቀመጡ አባባ አንኮራፉ። አልፈርድባቸውም። ጎንደር ባቡር መች አየችና!

ሊማሊሞ ግን ሌላ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ገደሉን እየፈለፈለ ያወጣው ያ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ኋላም ኤንትሬ የሚባለው የፊያት ጭነት መኪና እያቃሰተ የሚወጣበት። ወሬው ሲሰማ ጡረተኛ ሾፌሮች ፎቶ ይዘው መጡ፤ አሁን 90 ደርሷል። አንዱን ላስቀር ብል ባለቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያየኛል!

እንዲህ ያለ ንግግር የምታቀርቡ፣ ለ40 ደቂቃ ስንት ፎቶ ይበቃል? ሰው ቅር ሳይለው እንዴት ትመርጣላችሁ? ደግሞ ብዙው ፎቶ ፍሬም ውስጥ ነው፤ ማውጣት አይፈቅዱልኝም። በስልክ ሳነሳው የመስኮቱ ብርሃን መስታወቱ ላይ ያንጸባርቅና የሾፌሩን ፊት ይውጠዋል። መላ ያላችሁ?

መብራት ከጠፋስ? ፎቶውን አትሜ ልያዝ ወይስ በአፌ ልተርከው?