ኢ-መጽሐፋችንን ለእነ አማዞን እንስጥ ወይስ ይቅርብን?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይኼ ነው፦ ባሕር ዳር፣ ማርቆስ ወይ ሞጣ ተቀምጦ በራሱ ኪስ የሚያሳትም ደራሲ ኢ-መጽሐፉን በአማዞን ኪንድልና በመሰሎቹ የኢንተርኔት መጽሐፍ መደብሮች ይሽጥ ወይስ ይቅርበት? ጥያቄውን ያነሡት ደራሲ «አንዴ ከሰጠኋቸው በሥራዬ ላይ ማን ያዝዛል?» የሚል ሥጋት አላቸው። በቁጥር እንነጋገር፤ ስድብ የጻፈ ጽሑፉ ይነሣል።

ዓባይ ማዶ፦ ገና ከመነሻው አንድ ነገር ይያዝልኝ። ኬዲፒ፣ ማለት የአማዞን የራስ አሳታሚዎች ክፍል፣ የሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው። ዐማርኛ የለበትም። ቋንቋውን «እንግሊዝኛ» ብሎ ሞልቶ ዐማርኛ የሚጭን አለ፤ ያልፍለት ይሆናል፣ ግን ማጣራት የመጣ ቀን መጽሐፉ ሊነሣ፣ ሒሳቡም ሊዘጋ ይችላል። በሐሰት ቅጽ የተሞላ መጽሐፍ ላይ ደግሞ አቤት የሚባልበት በር የለም።

የማርቆሱ፦ ጋሸ፣ ዐማርኛው ላይ አልከራከርዎትም። ከዚሁ ከጎጃም ግን በእንግሊዝኛ የሚጽፍም፣ ሥራውን የሚያስተረጉምም አለ። ለሱ ሥጋቱ የተጋነነ ነው። የቅጂ መብቱ ከደራሲው አይወጣም፤ ለአማዞን የሚሰጠው የመሸጥ ፈቃድ ብቻ ነው። ኢ-መጽሐፍ አይኤስቢኤን፣ ማለት የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ ሳይኖረውም ይወጣል። ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ከሆነ 70 በመቶው የደራሲው ነው። እስኪ ከመጽሐፍ መደብሮቻችን ይኼን የሚሰጥ ይጥሩልኝ።

ዓባይ ማዶ፦ እሷን 70 እንመንዝራት። መጽሐፉ 4.99 ዶላር፣ ፋይሉ 3 ሜጋባይት ይሁን። አሜሪካ ሲሸጥ በሜጋባይት 15 ሳንቲም የማድረሻ ይነሣል፤ 45 ሳንቲም ሄደ። ከቀሪው 4.54 ሰባ በመቶው 3.18 ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው ከዚያ ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል። እጅ የሚገባው 2.22። ገንዘቡም ሽያጩ የተፈጸመበት ወር ካለቀ ከ60 ቀን ገደማ በኋላ ነው የሚለቀቀው፤ በባንክ ሐዋላ ለሚቀበል ደግሞ 100 ዶላር ካልሞላ አይላክም። ወደ 45 ቅጂ ካልተሸጠ ቤሳ የለም ማለት ነው።

ፊደል ለቃሚ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳታት አለች። የጣና ገዳማትን ሥዕል በሙሉ ጥራት የጫነ መጽሐፍ 70ውን መምረጥ የለበትም። ሌላው ምርጫ የ35 በመቶው ነው፤ በሱ የማድረሻ ክፍያ የለም። በ4.99 ዋጋ ፋይሉ 17 ሜጋባይት ከደረሰ 35ቱ ይበልጣል፤ አስሉት። ወይ ሥዕሉ ይቀነስ።

ለማንም ከመስጠት በፊት ግን ዋናው ፋይል ይስተካከል። የብዙ ደራሲ መጽሐፍ በድሮው የመጻፊያ ፕሮግራም፣ በፓወር ግዕዝ፣ የተለቀመ ነው። ያ ዩኒኮድ፣ ማለት መሣሪያው ሁሉ የሚያውቀው የፊደል ኮድ፣ አይደለም፤ ኢፐብ ወደሚባለው የኢ-መጽሐፍ ፋይል ሲቀየር ፊደሉ የላቲንና የምልክት ዝባዝንኬ ይሆናል። በመቀየሪያ ፕሮግራም ከተገለበጠ በኋላም ቃል በቃል መታረም አለበት፤ በተለይ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ። አራት ነጥቡን ሁለቴ «፡» እየመታ የሚጽፍ ሞልቷል። ለዓይን ያው ይመስላል፤ ማሽኑ ግን የዓረፍተ ነገር ማብቂያ ብሎ አያውቀውም። «ፈልግና ተካ» በሚለው አንዴ «።» ማድረግ ነው። ቀጥሎ እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ያለ ነጻ ፎንት ኢፐቡ ውስጥ ይከተት፤ አለዚያ የግዕዝ ፎንት የሌለው መሣሪያ ባዶ ሣጥን ይደረድራል። እና እባካችሁ፣ ምስጋናውንና የአንጋፋዎቹን አስተያየት ወደ መጨረሻ ውሰዱት። ኪንድል ለገዢ በነጻ የሚያስቀምሰው ከመጽሐፉ መጀመሪያ 10 በመቶ ያህሉን ነው፤ የኛ መጽሐፍ እዚያ ድረስ ገና እያመሰገነ ነው።

የሞጣ ልጅ፦ ሁላችሁም ገዢውን ረሳችሁት። ሞጣ ያለ አንባቢ ቴሌብር አለው፤ አማዞን ቴሌብር አይቀበልም። ዳታውስ? ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረው ወረቀት ነው። ቀድሞ ስልክ ላይ የወረደ ኢ-መጽሐፍ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል፣ እውነት ነው፤ አዲስ መግዛት ግን የለም።

የማርቆሱ፦ የአማዞን ገዢ ሞጣ ያለው ሳይሆን ዋሽንግተንና ሚኒያፖሊስ ያለው ነው። ወረቀቱን ማን ተው አለ? ለአገር ቤት ታትሞ፣ ለውጪው በኢ-መጽሐፍ። ደግሞ መደብር ያላስገባኸውን መጽሐፍ ቴሌግራም በስካን ፒዲኤፍ ይሸጥልሃል፤ ላንተ ሳይሆን ለራሱ።

ዓባይ ማዶ፦ አማዞን መግባቱ ቴሌግራምን መቼ አስቆመው? የውጪውንም ገዢ ስናይ የገዛው መጽሐፉን ሳይሆን የማንበብ ፈቃዱን ነው። በ2009 በፈረንጅ፣ ሰዎች ከፍለው ኪንድል ማንበቢያቸው ላይ ያኖሩት መጽሐፍ ከያሉበት ተሰርዞ ገንዘባቸው ተመልሷል፤ ያለ መብት የተሸጠ ነው ተብሎ። በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 2017 ደግሞ የገዙትን ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በኬብል ማሻገር ቀርቷል። ሕጉን የሚጽፈውም የሚቀይረውም ባለመደብሩ ነው።

ፊደል ለቃሚ፦ የሁለታችሁም ነጥብ ከአንድ ምልክት ጋር ይያያዛል። ስትጭኑ «ኬዲፒ ሴሌክት» የሚል ሣጥን አለ። ምልክት ካደረጋችሁበት ኢ-መጽሐፉ ለ90 ቀን በሌላ የትም አይሸጥም፣ በራሳችሁ ቴሌግራም እንኳን። በምትኩ ኪንድል አንሊሚትድ በሚባለው፣ አንባቢ በየወሩ እየከፈለ በሚያነብበት አገልግሎት ውስጥ ይገባና በተነበበ ገጽ ልክ ይከፈላችኋል። ብዙ ያልታወቀ ደራሲ የሚጠመደው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም 90 ቀኑ ሲያልቅ በራሱ ይታደሳል። ሣጥኑ ባዶ ከተተወ ግን ያንኑ ኢፐብ እንደ ኮቦና አፕል ላሉ ሌሎች የኢ-መጽሐፍ መደብሮችም መስጠት ይቻላል። እንደ ድራፍትቱዲጂታል ያለ አከፋፋይ ከሽፋን ዋጋው 10 በመቶ ወስዶ ለብዙዎቹ ያደርስላችኋል።

የሞጣ ልጅ፦ ሒሳቡን አሜሪካ ባለ ዘመድ ስም ስለሚከፍቱትስ?

ዓባይ ማዶ፦ ያ የባሰ ነው። የግብር ቅጹ በዘመዱ ስም፣ ገቢው በዘመዱ ስም፣ ኬዲፒ የሚያውቀውም እሱን ብቻ ነው። በእኛው የቅጂ መብት ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው፤ በቡና ላይ ቃል አይደለም።

የማርቆሱ፦ እዚህ ላይ ከጋሸ ጋር ነኝ። ውሉ ሦስት ነገር ይያዝ፦ መብቱ የደራሲው መሆኑን፣ ገንዘቡ በየስንት ጊዜ እንደሚላክና ከግብር በኋላ ስንት እንደሚቀር፣ ውሉ ሲያልቅ መጽሐፉ በስንት ቀን ከሽያጭ እንደሚወርድ። በእንግሊዝኛው ሥራ ላይ ግን አቋሜ ያው ነው፤ ይግባ፣ ሣጥኑ ባዶ ይሁን።

ዓባይ ማዶ፦ ለእንግሊዝኛው ይሁንላችሁ። ዐማርኛው ዝርዝሩ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ግን «እንግሊዝኛ» ብሎ የሚጭን ሰው አያማክረኝ።