የሐሙስ ገበያ ለጋ ቅቤ ሲነጠር ከታች ውሃ የሚቋጥረው ለምንድን ነው? እርጥብ ኮሰረትስ ይገባል?

የጂረን እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐሙስ ከጅማ መርካቶ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ 2 ኪሎ ለጋ ቅቤ ተገዝቶ ተነጠረ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ላዩ ጥሩ ረግቶ ሳለ ከታች ነጭ ውሃ መሰል ነገር ቋጠረ፤ ሽታው ወደ ኮምጣጣ ሄዷል፣ ሲቀመስም ይመራል። የገባበት ይኸው ነው፦ ከጓሮ የተቀጠፈ እርጥብ ኮሰረትና በሶብላ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ የተፈጨ አብሽ፣ ተፈጭቶ የተገዛ ኮረሪማ፣ እርድ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት። በደንብ በነደደ ከሰል 25 ደቂቃ ያህል ቆየ። ውሃው ከየት መጣ? ቅጠሉ የግድ መድረቅ ነበረበት? የተበላሸውስ ይድናል? ለጩኮ (በቅቤ ለሚታሸው በሶ) ስለምፈልገው መጠኑን በማንኪያ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሙቀጫና ዘነዘና፦
እህቴ፣ ውሃው ከራሱ ከቅቤው ነው። ለጋ ቅቤ ከእርጎ ተንጦ ስለሚወጣ ከክብደቱ አንድ ስድስተኛ፣ አንዳንዴም አንድ አምስተኛው ውሃና አሬራ ነው። 1 ኪሎ ጥሬ ቅቤ ተነጥሮ ከ750 እስከ 800 ግራም ከሰጠ ልክ ነው። 900 ከወጣ በረከት እንዳይመስልሽ፤ ውሃው አልወጣም ማለት ነው።

መምረሩም ውሃ መቋጠሩም የአንድ ጥፋት ሁለት ፊት ናቸው፦ እሳቱ በዝቷል፣ ጊዜው አንሷል። የተፈጨ አብሽ ወዲያው ወደ ድስቱ ታች ይወርዳል። ታች ያለው ሲያርር ላይኛው ገና ውሃውን አልጨረሰም። ሽታው «ደርሷል» ያሰኛል፣ ድስቱ ይወርዳል፣ ውሃው አብሮ ይገለበጣል። ለ2 ኪሎ ቅቤ በለዘበ እሳት ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ያስፈልጋል። ከሰል ከሆነ ፍሙ አመድ ከለበሰ በኋላ ነው የሚጣደው፤ ድስቱም ታቹ ወፍራም ይሁን።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ እያሸሽ ሦስት ጊዜ እጠቢው፤ የመጨረሻው ውሃ ጠርቶ መውጣት አለበት። ጸጉርና የቅጠል ቁራጭ ብቻ ሳይሆን አሬራውም ይለቃል፤ ድስቱ ታች ፈጥኖ የሚያርረው ደግሞ እሱ ነው። ከዚያ ያለ ምንም ቅመም ቀልጦ መንተክተክ ይጀምር። ነጭ አረፋ ይነሳል። ብዙ ሰው ቶሎ ቶሎ ይገፈዋል፣ ግን አብሮት ቅቤ ይሄዳል፤ ተይው፣ አብዛኛው ራሱ ይሰምጣል። ጭልፋ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ለሚቀረው ስስ አረፋ ብቻ ነው።

መድረሱን በጆሮ ነው የምታውቂው። ጅማ ወደ 1,750 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። በቅቤው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ትልልቅ አረፋ እየፈነዳ «ቷ ቷ» ይላል። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይሞታል፣ አረፋው ደቃቅ ይሆናል፣ ከላይ ስታዪው የድስቱ ታች ይታያል። ሙቀቱ በፍጥነት የሚወጣው ከዚህ በኋላ ስለሆነ ከምድጃው አትራቂ። ከተጠራጠርሽ ደረቅ ወረቀት ጫፉን ነክረሽ፣ ከድስቱ ራቅ ብለሽ ለኩሺው፤ እየተንጣጣ ከነደደ ውሃ አለው።

ለ1 ኪሎ ጥሬ ቅቤ መጠኑ፦ አብሽ 1 የሻይ ማንኪያ ሳይፈጭ፣ ጥቁር አዝሙድ 1 የሻይ ማንኪያ፣ እርድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ደረቅ ኮሰረት 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ደረቅ በሶብላ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ከአራት እስከ አምስት ራስ ኮረሪማ፣ አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል። ሁሉም ይሰነጠቅ እንጂ ዱቄት አይሁን። ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ውሃ ስላላቸው ቅቤው መንተክተክ እንደጀመረ ይገባሉ። አብሽና ጥቁር አዝሙድ መሃል ላይ። እርድ፣ ደረቁ ቅጠልና ኮረሪማ የመጨረሻዎቹ ሰባት ደቂቃዎች ላይ፤ የኮረሪማ ሽታ በእሳት ሲቆይ ይበናል።

ኮሰረት በጓሮ፦
በብዙው እስማማለሁ፣ ቅጠሉ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እርጥብ ኮሰረት ክልክል አይደለም፤ ጥፋቱ የሚገባበት ሰዓት ነው። መጨረሻ ላይ ከተጨመረ ያደረቅሽውን ቅቤ መልሰሽ ታረጥቢዋለሽ። እርጥቡን ከሽንኩርቱ ጋር መጀመሪያ ጨምሪና ቅጠሉ በጣት ሲነካ እስኪንኮሻኮሽ ይቆይ። ከተለሰለሰ ገና ውሃ አለው። መጠኑም ይለያል፦ 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ በሚገባበት ቦታ ከእርጥቡ አንድ ሙሉ እፍኝ ይሄዳል።

ጣዕሙን ካነሳን ግን ደረቁ ይሻላል። አበባ ሲጀምር ተቆርጦ፣ በጥላ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ተንጠልጥሎ ሲደርቅ ሽታው ይጠነክራል። በፀሐይ ከሰጡት ቀለሙም ሽታውም ይሸሻል። በክረምት እዚህ እርጥበቱ ስለሚበዛ ቤት ውስጥ የተንጠለጠለው ሳይደርቅ ይሻግታል፤ ስለዚህ በበጋ አድርቆ በጠርሙስ መክደን ነው። በሶብላም እንዲሁ።

እርዱን በተመለከተ፣ ግማሽ ማንኪያ እንኳ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ሣር በበዛበት ወቅት የሚመጣ ቅቤ በራሱ ቢጫ ነው። እርድ የሚጠቅመው ለነጣ ቅቤ ነው፣ ሲበዛ ደግሞ አፈር አፈር ይላል።

ጩኮና ቡና ቀላ፦
ስለ ማጠቡ፦ ሦስት ጊዜ የግድ አይደለም። ንጹሕ ቅቤ አንዴ ቢታጠብ ይበቃል፣ የለጋ መዓዛው እንዳለ ይቆያል። እሳቱ ከለዘበ አሬራውም አያርርም።

ለጩኮ ከሆነ ግን ሽንኩርቱን ተዪው። ነጭ ሽንኩርት ያለበት ቅቤ ለወጥ ግሩም ነው፣ በሶ ውስጥ ግን ሲውል ሲያድር ሽታው ይከረፋል። ለቡና ቀላም (በቅቤ ለሚቆላው የቡና ፍሬ) እንደዚያው፤ ቡናውን የሚሸፍን ቅመም የማይገባበት፣ ቢበዛ ኮረሪማ ብቻ ያለው ቅቤ ነው የሚሆነው። 2 ኪሎውን አንድ ላይ አቅልጠሽ፣ ቅመም ሳይገባ በሁለት ድስት መክፈል ይሻላል።

ጩኮ ላይ የውሃው ጉዳይ ይብሳል። ውሃ ያለበት ቅቤ በሶውን ያሳብጠዋል፣ ጩኮው እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ በሳምንት ውስጥም ይሻግታል። በደረቀ ቅቤ የተሠራው ግን በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ይዞ፣ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። ለ1 ኪሎ በሶ 350 ግራም ንጥር ቅቤ ለብ አድርገሽ ጀምሪ፤ ካልጨበጠ በማንኪያ በማንኪያ ጨምሪ። ትኩስ ቅቤ አታፍሺበት፣ በሶው መጀመሪያ ሁሉን ይጠጣና ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል።

ማጥለሉም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድስቱ ከእሳት ወርዶ አሥር ደቂቃ ዝቃጩ ይረፍ። በደረቅ አቡጀዲ ይጠለል፤ ታጥቦ እርጥበት የቀረበት ጨርቅ ልፋቱን ሁሉ ያበላሻል። መጨረሻ ላይ ጨርቁን አትጭመቂው። ዕቃው ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ ይሁን፤ ትኩሱን ከከደንሽው እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ሻጋታው የሚጀምረው ከዚያ ነው። በስስ ጨርቅ ሸፍነሽ በደንብ ሲቀዘቅዝ ክደኚ። ከወጥ የወጣ ማንኪያ አይግባበት። ዝቃጩ ሽሮ ላይ ይገባል፣ ግን ከሁለት ቀን በላይ አይቀመጥም።

የጂረን እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። የተበላሸውን ምን ላድርገው? ኮረሪማውስ ተፈጭቶ የተገዛ መሆኑ ያመጣው ችግር አለ?

ሙቀጫና ዘነዘና፦
ሻጋታ ካየሽበት ወይም ጎምዝዞ ጉሮሮ የሚይዝ ከሆነ ይደፋ፤ መልሶ ማንጠር ያንን አያስተካክልም። ውሃ ብቻ ቋጥሮ ሽታው ገና ካልከፋ ግን የረጋውን ከላይ አንስተሽ፣ የታችኛውን ውሃ ደፍተሽ፣ ድምፁ እስኪሞት በለዘበ እሳት መልሰሽ አድርቂው። መራራነቱ አይለቅም። በርበሬ በበዛበት ወጥ ላይ በትንሽ በትንሹ ይለቅ፣ ለጩኮ ግን አይታሰብም።

ኮረሪማ ተፈጭቶ አይገዛም። ከጅማና ከከፋ ጫካ የሚመጣው ከነልጡ በእጅሽ እያለ ለምን ዱቄት? ራሱን አንስተሽ መዝኚው፤ ከበድ ያለ፣ ልጡ ያልተሰነጠቀ፣ የብል ቀዳዳ የሌለው ይሁን። አንዱን አስፈልጠሽ እዪ፦ ፍሬው የሚያብለጨልጭ ቡናማ ከሆነና በጥርስ ሲሰበር ሽታው አፍንጫ ከደረሰ ያ ነው። የጠቆረና ጭስ ጭስ የሚለውን ተዪው፣ ቅቤው ያንኑ ጭስ ይይዛል። ልጡን ጥለሽ ፍሬውን በሙቀጫ አንዴ ሁለቴ ብቻ ምቺው።