ኤምኤስ ላለባት እህት፦ ጎንደር ላይ ምን ይሻላል?

አንዲት እህት ጥቆማ ጠይቃለች። «ኤምኤስ አለብሽ ተባልኩ። የምኖረው ጎንደር ነው። ማን ጋ ልሂድ? ምን ልግዛ?» ትላለች። ከአራት ዓመት በፊት እኔም ይኸንኑ ጥያቄ ይዤ የሚመልስልኝ አጥቼ ነበር።

አይዞሽ እህቴ። ኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ) የሚመጣው ከበሽታ የሚጠብቀን የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሳችንን የነርቭ ሽፋን ሲያጠቃ ነው። አይተላለፍም። የማንም እርግማን አይደለም። ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ «በዚህ ዕድሜሽ?» የሚልሽን አትስሚው። እኔን መጀመሪያ ያየኝ ክሊኒክ «ጭንቀት ነው» ብሎ ቫይታሚን ሰጥቶ ሸኘኝ። ስምንት ወር እንዲሁ ባከነ። የበሽታው ስም ሲነገረኝ አለቀስኩ። እፎይም አልኩ። ሁለቱም በአንድ ቀን።

ወደ ጥቆማው ልምጣ። ዕቃም ሆነ አገልግሎት ስመርጥ መጀመሪያ የማስበው ስንት ጉልበት እንደሚወስድብኝ ነው። ብሩ ቀጥሎ ይመጣል። የኤምኤስ ድካም ተኝተሽ ብትነሺም አይለቅሽም፤ አሁን ሳታውቂው አትቀሪም።

ለክትትል ከግል ክሊኒክ የመንግሥት ሆስፒታል ይሻለኛል። ፋይሌ አንድ ቦታ ይቀመጣል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ ካለሽ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈሽ ሂጂ። የኤምአርአይ (የአንጎልና የአከርካሪ ምስል) ሲዲሽን ኮፒ አሠሪና ዋናውን ቤት አስቀምጪ።

በሽታው ሲያገረሽ በደም ሥር የሚሰጠው ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በቀን 1 ግራም፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ነው። ማገርሸቱን ያሳጥራል፤ በሽታውን ግን አያቆምም። ደጋግሞ ማገርሸቱን የሚቀንሱት ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ክላድሪቢንን፣ ግላቲራመር አሲቴትንና ሪቱክሲማብን ለኤምኤስ ብሎ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ሪቱክሲማብ ለአንዳንድ ካንሰሮችም የሚሰጥ ስለሆነ ሊገኝ ይችላልና ሐኪምሽን ስሙን ጠርተሽ ጠይቂው። ከመጀመርሽ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ መደረግ አለበት።

ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ላይ እድለኞች ነን። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሙያውን ያስተምራል። ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ይሻላል ወይስ ሆስፒታል መሄድ? እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። አሁን ሆስፒታል ሄጄ እንቅስቃሴውን እማራለሁ፤ ቤቴ ጠዋት ጠዋት እሠራዋለሁ። ሲያገረሽብኝ ብቻ ቤት አስመጣለሁ። መንገዱ ጉልበቴን ጨርሶት ከደረስኩ ልምምዱ ምን ያደርግልኛል?

ሙቀት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ማንም አልነገረኝምና። መጋቢት ላይ ቡና እያፈላሁ ከሰሉ ሥር ተቀምጬ የግራ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ። ሲኒው ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ ቡናውን ረከቦቱ ላይ ቀዳሁት። ዓይኔ ጠፋ ብዬ ጮህኩ። ወጥቼ ነፋስ ሲያገኘኝ ግን ተመለሰልኝ። ሙቀት የተጎዳውን ነርቭ ለጊዜው ያደክመዋል እንጂ አዲስ ጉዳት አያመጣም። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ዊልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 ነው ይህን የመሰለ ጊዜያዊ የዓይን መድከም የጻፈው። ሲበርድሽ ካለፈ አትደንግጪ። አዲስ ምልክት ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ። ትኩሳት ካለሽ ወባም የሽንት ኢንፌክሽንም ይታይልሽ፤ እነሱም የድሮውን ምልክት ይቀሰቅሳሉ።

ለማቀዝቀዣ ፍሪጅ ወይስ እንስራ? መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ቁም ሳጥን ነው። ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁት እንስራ ውኃውን ያለ መብራት ያቀዘቅዝልኛል። ነጠላዬን ነክሬ አንገቴ ላይ ጣል አደርጋለሁ። ለአሥር ደቂቃ ብቻ እንኳ ነፍስ ይዘራብኛል።

ጫማ ላይ ሸበጥ ተይ። ፒያሳ መንገድ ስሻገር የግራ ሸበጤ አስፋልቱ ላይ ቀርቶ እኔ በባዶ እግሬ ተሻግሬያለሁ። እግሬ ስለማይሰማኝ ያወቅሁት አንድ ልጅ «እትዬ፣ ጫማሽ!» ሲለኝ ነው። ኮንጎ ከኋላ ስለሚታሰር ይሻላል፤ ግን ይሞቃል። ቀላል ሸራ ጫማ ከሁሉም ይበልጣል።

ከዘራ የእንጨቱ ይበቃል። ቀጥ ብለሽ ቆመሽ እጅሽን ስትለቂ እጀታው የእጅ አንጓሽ ጋ መድረስ አለበት፤ ረዘም ካለ አስቆርጪው። ጫፉ ላይ ጫማ ሰፊ ከጎማ ቆርጦ ይምታልሽ፤ ክረምት ላይ ያለ ጎማ ያንሸራትታል። የምትይዥው ደካማው እግር ባለበት በኩል አይደለም፤ በተቃራኒው እጅሽ ነው።

ገበያ በጠዋት ሂጂ። ስትሄጂ በእግር፣ ስትመለሺ ባጃጅ ኮንትራት። እኔ የተገላቢጦሽ አድርጌው ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቀርቻለሁ።

ጠበል እሄዳለሁ፤ መድኃኒቴንም እወስዳለሁ። ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ «መድኃኒትሽን ውሰጂ» አሉኝ። አንቺም ለነፍስ አባትሽ ንገሪ።

ከተራን ትቼው ነበር። ፀሐዩንና ግፊያውን ፈራሁ። አምና ግን ታቦቱን ከፒያሳ አጅቤ መሄዴን ትቼ ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ቀድሜ ደረስኩ። ጥላና በርጩማ ይዤ፣ እርጥብ ነጠላ አንገቴ ላይ አድርጌ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ታቦቱ ሲደርስ ቆሜ እልል አልኩ። ዘንድሮም እዚያው ነኝ። ከመጣሽ ቦታ እይዝልሻለሁ።