“ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው”፦ የጣና ፍሰት ሞዴልና እንቦጭ (ክርክር)

ሸገር ሃይድሮ፦
ትናንት አምስት ኪሎ አካባቢ በነበረው ውይይት አንድ ተናጋሪ ያሉትን ሰማችሁ? “የጣናን ፍሰት በኮምፒውተር ሞዴል ካወቅን እንቦጩን እየተከተልን ማጨድ አያስፈልግም። ፍሰቱ ራሱ ወደ አባይ መውጫ ያመጣዋል፤ እዚያ መረብ ዘርግቶ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።” አዳራሹም አጨበጨበ! እስቲ በስልካችሁ ካልኩሌተር እንየው። በመውጫው የሚሄደው ውሃ በተፈጥሮው የዓመት አማካይ በሰከንድ 120 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሐይቁን ወገቡ ላይ ብትቆርጡት ስፋቱ 60 ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፤ 480,000 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። አካፍሉት፤ በሰከንድ ሩብ ሚሊ ሜትር፣ በቀን 21 ሜትር። ከመገጭ አፍ እስከ ባሕር ዳር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ሰውየው ዘጠኝ ዓመት ቁጭ ይበሉ።

ካዛንቺስ፦
😂 ወንበር ይግዙላቸው

ሸገር ሃይድሮ፦
የችግሩ ሥር “አባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል” የሚለው ወሬ ነው። ልጅ ሆነን የሰማነውን ዛሬ በፓወር ፖይንት አቅርበውልናል።

ነፋስ ስልክ፦
ሸገር፣ ስሌትህ ልክ ነው፤ ግን ሰውየውን ስትመታ ሞዴሉንም አብረህ ደፋኸው። ጣናን የሚያንቀሳቅሰው ወንዙ ሳይሆን ነፋሱ ነው። የላይኛው ውሃ ከነፋሱ ፍጥነት ከ2 እስከ 3 በመቶውን ይይዛል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ላዩን ውሃ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያስኬደዋል፤ ሳያቋርጥ ከነፈሰ በቀን ከ9 እስከ 13 ኪሎ ሜትር። ያንተን 21 ሜትር ከዚህ ጋር አስተያየው። በዚያ ላይ የእንቦጩ ቅጠል ከውሃው በላይ ቆሞ እንደ ሸራ ነፋስ ይቀበላል፤ ከውሃውም ቀድሞ ይሄዳል። ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ሐይቅ ይገለበጣል። በስንት ሰዓት የት እንደሚሆን ያለ ሞዴል በዓይን ልትገምት ነው?

የፎገራ ልጅ፦
በዓይን የሚገምት ሞልቷል። የደምቢያ አስጋሪ ጠዋት ወጥቶ ነፋሱን ካየ ማታ የት እንደሚከመር ይነግራችኋል። ክፍያውም አበል አይደለም። እዚያ ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ይነቅላል፣ እዚህ “ሲሙሌሽን” ይባላል።

አቶ ካሊብሬሽን፦
ነፋስ ስልክ፣ አንድ ጥያቄ። የትኛውን ነፋስ ነው ሞዴሉ ውስጥ የምትከተው?

ነፋስ ስልክ፦
የባሕር ዳርና የጎንደር ኤርፖርት መለኪያ፣ በተጨማሪ ኢራ 5 የተባለው ዓለም አቀፍ የአየር ሁኔታ ዳታ።

አቶ ካሊብሬሽን፦
ይኸው! ኢራ 5 በ0.25 ዲግሪ ነው፤ አንዱ ሣጥን ጎኑ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሐይቁ በሙሉ ዘጠኝ ለማይሞሉ ሣጥኖች ይደርሳል፤ ግማሾቹም የብስ የተቀላቀለባቸው ናቸው። የጎንደር ኤርፖርት አዘዞ ነው፤ ሐይቁን አያይም። ደግሞ በ2 ሜትር ከፍታ የተለካ ነፋስ ወደ 10 ሜትር ሳይቀየር የሚከትት አለ። ልዩነቱ 1.3 እጥፍ ገደማ ነው፤ ነፋሱ ውሃው ላይ የሚያሳድረው ግፊት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ 1.7 እጥፍ ይሆናል። ከሁሉም የባሰው የቀን አማካይ የሚጠቀመው ነው። ነፋሱ 6 ሰዓት በ8 ሜትር ነፍሶ 18 ሰዓት ጸጥ ቢል የቀኑ አማካይ 2 ይሆናል፤ ካሬው 4። በየሰዓቱ ካሬውን አውጥተህ አማካዩን ብትወስድ ግን 16 ነው። ገና ሳትጀምር አራት እጥፍ ተሳሳትክ፤ አቅጣጫው በቀንና በሌሊት የሚገለበጥ መሆኑም ጠፋ።

ነፋስ ስልክ፦
የቀን አማካይ የሚጠቀም እኔ አይደለሁም። የሰዓት ነው የምከተው።

አቶ ካሊብሬሽን፦
አንተን አላልኩም፤ “የሚከትት አለ” ነው ያልኩት። ሞዴሉ የሚበላው ዳታ የለም እያልኩህ ነው። ሐይቁ መሀል ደሴቶች አሉ፤ ደቅ ላይ አንድ ባለ 10 ሜትር ምሰሶ መለኪያ ተክሎ ሦስት ወር መመዝገብ ከማንኛውም አዲስ ሶፍትዌር ይበልጣል። መለኪያው ዛፍና ጣሪያ እንዳይከልለው ከከለላው ቁመት ቢያንስ አሥር እጥፍ ይራቅ። ነፋሱ የሚያዞራቸው የመለኪያው ጽዋዎች አቧራና የሸረሪት ድር ይዟቸው በቀስታ እየዞሩ “ነፋስ ቀነሰ” ይላሉ፤ በየወሩ የሚጠርግ ሰው ይመደብ።

የአረም ነገር፦
ሁላችሁም ነፋስ ነፋስ ትላላችሁ። እንቦጭ ጠርሙስ አይደለም፤ ይበቅላል እኮ። የተመቸው ቦታ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ሰሜን ምሥራቁን የያዘው ነፋስ ስለገፋው ብቻ ነው? ርብ፣ ጉማራና መገጭ የሚያመጡት ደለልና ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ የሚደፋው እዚያው ነው። የሚንሳፈፍ ነጥብ ብቻ የሚከተል ሞዴል የበቀለውን እንደመጣ ይቆጥረዋል። ከዚያ ደግሞ ከሳተላይት ምስሉ ጋር ገጠመ ተብሎ ይጨበጨባል!

ነፋስ ስልክ፦
እህቴ፣ ለዚያ እኮ ነው ሁለቱን መነጠል የሚያስፈልገው። ሴንቲኔል 2 ሳተላይት በየ5 ቀኑ ያልፋል፤ ፒክስሉ 10 ሜትር ነው። ከዳርቻ ተነጥሎ መሀል ላይ የሚንሳፈፈውን ክምር ብቻ ወስደህ በሁለት ተከታታይ ምስሎች የሄደበትን ትለካለህ። በ5 ቀን እጥፍ አይሆንም፤ የተለወጠው ቦታው ነው። የዳርቻውን ለእድገት ስሌት ትተወዋለህ።

የአረም ነገር፦
በበጋ አዎ። በክረምት በሐምሌና በነሐሴ ደመና ባልሸፈነው ምስል ልትሠራ ነው? ራዳሩ ሴንቲኔል 1 ደመና ያልፋል፤ ግን ነፋስ ያሻከረው ውሃና እንቦጭ ሊምታቱበት ይችላሉ። ዳር ላይ ደግሞ ደንገሉና የፎገራ ሩዝ አሉ፤ ከእንቦጭ ጋር ተመሳስለው ይወጣሉ። ቢያንስ እንቦጭ የሌለበት ዘመን ምስል ተወስዶ ደንገሉ አስቀድሞ ከስሌቱ ይውጣ። በጣና መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ስለሆነ ከዚያ በፊት ላንድሳት ሳተላይት ያነሣው ባለ 30 ሜትር ምስል አለ።

ካዛንቺስ፦
ተናጋሪው ግን “ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው” ነበር ያሉት፣ እናንተ ሌሊቱን ሙሉ ልታስነሱን ነው 😅

ቀበና ድልድይ፦
ጣና ጣና። አባ ሳሙኤል አፍንጫችን ሥር አይደለም እንዴ? ግንፍሌ፣ ባንተይቀጡ፣ ቀበና የዚህን ከተማ ፍሳሽ ይዘው ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ። አገራችን ውስጥ እንቦጭ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 እዚያው ቆቃና አዋሽ ላይ ነው። በስልሳ ዓመት ውስጥ ስንት ሞዴል ተሠራለት? ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን የሚልከው ፒያሳና አራት ኪሎ ነው፤ የሚከራከረውም ፒያሳና አራት ኪሎ።

የፎገራ ልጅ፦
ጣናን ለማሳነስ አባ ሳሙኤልን ማምጣት የተለመደ ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ከአንድ ኩሬ ጋር አታወዳድር።

ቀበና ድልድይ፦
ማን አሳነሰ? ኩሬውን ማጽዳት ያቃተው ሐይቁን ያጸዳል ወይ ነው ያልኩት።

ሸገር ሃይድሮ፦
ወደ ጉዳያችን። ነፋስ ስልክ፣ እሺ ነፋሱን አገኘህ እንበል። ግሪድህ፣ ማለትም ሐይቁን የምትከፋፍልበት ሣጥን ጎኑ፣ ስንት ነው?

ነፋስ ስልክ፦
መሀሉ 500 ሜትር።

ሸገር ሃይድሮ፦
እንቦጩ ያለው ግን ዳር ላይ 200 እና 300 ሜትር በሚሰፋ ጥብጣብ ውስጥ ነው! ሙሉው ወረራ አንድ ሣጥን ውስጥ ተውጦ ቀረ ማለት ነው።

ነፋስ ስልክ፦
“መሀሉ” ነው ያልኩት፤ ዳሩን 50 ሜትር አደርገዋለሁ። ዴልፍት የተባለው የፍሰት ሶፍትዌር ግሪዱ ተጣጣፊ ነው። ዋጋው የስሌት ሰዓት ነው፦ 14 ሜትር ጥልቀት ላይ የውሃ ማዕበል በሰከንድ 12 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ 500 ሜትሩን በ40 ሰከንድ ያልፋል። ዳሩ ጥልቀቱ 1 ሜትር ሲሆን ፍጥነቱ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ 50 ሜትሩን በ16 ሰከንድ። የጊዜ እርምጃውን፣ ማለትም ሞዴሉ በአንዴ የሚዘለውን ጊዜ፣ ከዚህ በጣም ማስበለጥ ውጤቱን ያዛባል። ዋናው ችግር ግን ስሌቱ አይደለም፤ የዳሩ ጥልቀት ነው። የጣና ወለል በዓመት 1.5 ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ይወርዳል። ፎገራ ላይ ተዳፋቱ በሺህ 1 ቢሆን ዳርቻው 1.5 ኪሎ ሜትር ይገባል፣ ይወጣል። የውሃው ጥልቀት ከእንቦጩ ሥር ርዝመት ሲያንስ ክምሩ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ሞዴሉ ውስጥ እንቦጩን በሚወክሉት ተንሳፋፊ ነጥቦች ላይ “ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች ቁም፣ ውሃው ሲመለስ ተነሣ” የሚል ደንብ መጨመር ግድ ነው። ይህን የዘነጋ ሞዴል ክምሩን ዳር ለዳር እያንሸራተተ ይወስደዋል።

የፎገራ ልጅ፦
አሁን ገና ጥሩ ነገር ተናገርክ። ባሕር ሸሽ መሬት ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ውሃው ሲሸሽ እንቦጩ ጭቃው ላይ ይቀራል፣ ዘሩ ይወድቃል፤ ያ ዘር እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። በእጅ የተነቀለውም ዳር ተከምሮ ይተዋል፤ በመስከረም ውሃው መጥቶ መልሶ ያነሣዋል። መከመሪያው ከከፍተኛው የውሃ ምልክት በላይ ይሁን ተብሎ ስንት ጊዜ ይነገር? በሄክታር እስከ 300 ቶን እርጥብ ክብደት ሊኖረው የሚችል ነገር አንድ ኪሎ ሜትር በባዶ እግር ተሸክሞ የሚያወጣ ማን ነው? ለዚህ የሚሆን መንገድና ትራክተር ይጠየቅ፤ “ቁጭ ብሎ መጠበቅ” ግን የተቀመጠ ሰው ሐሳብ ነው።

ካዛንቺስ፦
ማሽኖቹስ?

የአረም ነገር፦
ማሽኑ የሚገባው ውሃ ያለበት ቦታ ነው፤ እንቦጩ ጭቃው ጋ ነው። ሲቆርጥ ደግሞ ማያያዣ ግንዱን ይበጥሰዋል፤ ያልተሰበሰበች ቁራጭ አዲስ ተክል ልትሆን ትችላለች። 1,000 ሄክታር በሁለት ሳምንት እጥፍ ቢሆን፣ በቀን 1 ሄክታር የሚያነሣ ማሽን በዚያው ጊዜ 14 ያነሣል። ለእኔ እንቦጭ የሚበላው ጢንዚዛ ነው መልሱ፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ተለቆ በ1998 ገደማ ወረራው ተሰብሯል።

አቶ ካሊብሬሽን፦
ያኔ ኤልኒኖም ነበር፤ የ1997 እና 98 ማዕበልና ደመና ድርሻ እስካሁን ያከራክራል። ጢንዚዛውን ብቻ አታወድሺው።

የአረም ነገር፦
ኤልኒኖ በየቦታው አልነበረም እንዴ? ጢንዚዛ ያልተለቀቀበት ሐይቅ ላይ ለምን አልሠራም?

አቶ ካሊብሬሽን፦
ይህ ሌላ ክርክር ነው። ለብቻው ይከፈት።

ቀበና ድልድይ፦
አሁንማ በለስን አምጡት፤ የጣናን ውሃ ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ የሚወስደው ዋሻ እንቦጩን ይጎትታል የሚል አልመጣም ገና።

ሸገር ሃይድሮ፦
ስለተነሣ፦ የጣና በለስ አማካይ ውሃ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ ተብሎ የታቀደ ነው። ከመግቢያው 10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ግማሽ ክብ ብታስቡ 31 ኪሎ ሜትር በ8 ሜትር፤ በቀን 26 ሜትር ገደማ ይስባል። በሩ ሥር ካልሆነ በቀር እንቦጩ አያውቀውም። ፖለቲካውን ለሌላ ቀን።

ነፋስ ስልክ፦
ስለ መረቡ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። “ቁጭ ብሎ መጠበቅ” የተባለውን ሁላችሁም ስትቀልዱበት ዋላችሁ፤ ግን ቦታው ተሳሳተ እንጂ ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። መውጫው ላይ ሳይሆን ከመገጭ አፍ ምሥራቅ ወይም ከርብ ፊት ለፊት፣ ማታ የየብስ ነፋስ ሊያወጣው ሲል ተንሳፋፊ ከልካይ ዘርግቶ ማስቀረት ይቻላል። የት እንደሚዘረጋ የሚነግርህ ሞዴሉ ነው። በሁለት ተንሳፋፊ መለኪያ ይጀመራል፦ አንደኛው ዘንግ ላይ ተሻግሮ የተሰፋ ሸራ ያለው፣ ሸራው ከ1 ሜትር ጥልቀት ያልበለጠ፣ ከላይ ጂፒኤሱ ብቻ የሚታይ፤ ሁለተኛው ጂፒኤስ ብቻ ሆኖ እውነተኛ የእንቦጭ ክምር ላይ የሚታሰር። ሁለቱ ጎን ለጎን ይለቀቁ፣ በየ10 ደቂቃው ይመዝግቡ። የፍጥነታቸውን ልዩነት ለነፋሱ ስታካፍል የቅጠሉን የነፋስ ድርሻ ታገኛለህ። ሲም ካርዱ መሀል ሐይቅ ኔትወርክ ስለሚያጣ መለኪያው መረጃ የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ ይኑረው። ደማቅ ቀለም አትቀቡት፤ አስጋሪ ያነሣዋል።

የፎገራ ልጅ፦
አስጋሪው ሌባ ሆነ አሁን ደግሞ።

ነፋስ ስልክ፦
አላልኩም! መረቡ ላይ የተጠላለፈ ዕቃ ማንም ያነሣል።

የፎገራ ልጅ፦
“ያነሣዋል” ብለሃል። ከላይ ተጽፏል።

አቶ ካሊብሬሽን፦
ከልካዩን ግን አስልተኸዋል? 8 ሜትር ነፋስ፣ ለሻካራ ቅጠል የጉተታ ቁጥሩን 0.005 ብንወስድ ግፊቱ 0.4 ፓስካል ገደማ ነው፤ በሄክታር 4,000 ኒውተን፣ ወይም 400 ኪሎ። ከልካዩ 20 ሄክታር ካቆመ 8 ቶን ይሳባል፤ ማዕበሉ ሳይቆጠር። የጣና ወለል ጭቃ ነው፤ ተራ የጀልባ መልሕቅ ይንሸራተታል። መሀሉ ላይ ሲጎብጥ ክምሩ ከሥሩ ይሾልካል።

ነፋስ ስልክ፦
ለዚያ ነው 20 ሄክታር እስኪከመር የማይጠበቀው። በየቀኑ ይወጣል።

ሸገር ሃይድሮ፦
በየቀኑ ማን ያወጣዋል?

የፎገራ ልጅ፦
ገበሬው ነዋ፤ ሌላ ማን አለ? ከልካዩን አዲስ አበባ ይነድፋል፣ ሞዴሉን አዲስ አበባ ያስኬዳል፣ ወገቡ ድረስ ውሃ የሚገባው ደምቢያ ነው። የቀን ሠራተኛ ክፍያ በፕሮፖዛሉ ስንተኛ ገጽ ላይ ነው?

ነፋስ ስልክ፦
ፕሮፖዛል የለኝም። ስለ ፍሰት ነው የማወራው።

የፎገራ ልጅ፦
እንዳልኩት።

ካዛንቺስ፦
አድሚን፣ ጢንዚዛውን ለብቻው ክፈቱልን፤ እህታችን መልስ እየጠበቀች ነው።