ሁለተኛ ግራፊክስ ካርድ ልጨምር ላላችሁ፦ አትጨምሩ፣ ቀይሩ

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። «አርኤክስ 580 ግራፊክስ ካርድ አለኝ፣ ሌላ አንድ በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ደርቤ ብሰካው ጌሙ እጥፍ አይፈጥንም?» አለኝ። አይፈጥንም አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ቀብድ ከፍያለሁ እኮ» አለ። እንግዲህ ይህን የምጽፈው ገና ቀብድ ላልከፈላችሁት ነው።

እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ማዘርቦርዴ ቢ450 ነው። ሁለተኛው ማስገቢያ ሲታይ ከመጀመሪያው አይለይም፣ ውስጡ ግን አራት ሌን (ዳታ የሚሄድበት መስመር) ብቻ ነው ያለው። በሁለቱ ካርዶች መሀል ትንሿ ጣቴ እንኳ በግድ ነው የምትገባው፤ ስለዚህ የላይኛው የታችኛው የሚተፋውን ሙቅ አየር ሲምግ ይውላል። አንዱ አርኤክስ 580 ለብቻው 185 ዋት ይበላል። ፓወር ሰፕላዬ ላይ 500 ዋት የሚል ተለጥፎበታል (መለጠፍማ ማን ይከለክላል)። ጌም ከፍቼ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ጧ ብሎ ጠፋ። መብራት የሄደ መስሎኝ በመስኮት ጎረቤት አየሁ። የእነሱ በርቷል።

ዋናው ችግር ግን እሱም አይደለም። ጌሞቹ ናቸው። ሁለት ካርድ አብሮ የሚሠራው ጌሙ ወይም ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዘው ሶፍትዌር) ሥራውን ሲያከፋፍላቸው ነው፣ ይህን ደግሞ አሁን የሚያደርግ የለም ማለት ይቻላል። ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ለኤስኤልአይ (ካርዶችን የሚያጣምርበት ዘዴ) አዲስ የጌም ፕሮፋይል መሥራት አቁሟል፤ አርቲኤክስ 40ዎቹ ላይ ማገናኛው ራሱ የለም። የአርኤክስ ካርዶች ሠሪ ኤኤምዲም በ2019 ከወጣው አርኤክስ 5700 ጀምሮ ክሮስፋየር የሚለውን የራሱን ማጣመሪያ ትቶታል። ጂቲኤ 5 የመሰለ የቆየ ጌም ይጠቀምበታል። ሳይበርፐንክ 2077 ግን ሁለተኛውን ካርድ ዞር ብሎም አያየውም። በሚሠራበትም ጌም ቢሆን ፍሬሙ (ተከታትሎ የሚመጣው ምስል) እኩል ጊዜ ጠብቆ አይመጣም፤ የፍሬሙ ቁጥር ከፍ ይላል፣ ዓይን ላይ ግን ይንገጫገጫል። ሜሞሪውም አይደመርም። ሁለቱም ያንኑ ነገር ስለሚይዙ 8 ጊጋና 8 ጊጋ ያው 8 ጊጋ ነው።

ስለዚህ ያለውን ሸጦ፣ ለሁለተኛው የታሰበውን ብር ጨምሮ አንድ የተሻለ መግዛት። የኔ ምርጫ አርኤክስ 6600 ነው። 132 ዋት ብቻ ነው የሚወስደው፣ ማለትም ከ580 ያነሰ እየበላ በብዙ ይበልጠዋል። ፓወር ሰፕላይ መቀየር ለማይፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ቪዲዮ ኤዲት የምትሠሩ ከሆነ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው ይሻላል። ባለ 8 ጊጋ 3060ም ስላለ ካርቶኑን በደንብ አንብቡ፣ እሱ ደከም ያለ ነው።

ከየት? መርካቶም ሆነ ቦሌ ያሉ ሱቆች ይወደዳሉ፣ ግን ሰክታችሁ አይታችሁ ነው የምትከፍሉት። ለኔ ይህ ብቻውን ልዩነቱን ያካክሳል። ቴሌግራምና ጂጂ ላይ ርካሽ አለ፣ ግን እንገናኝ ብሎ ካፌ ውስጥ ካርድ የሚሸጥላችሁን ሰው ተዉት፤ ኮምፒውተር ያለበት ቦታ እንገናኝ በሉት። የካርዱን ማንነት የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። 580 ተብሎ ሼደሩ (የካርዱ ትንንሽ ማስሊያዎች ብዛት) 2048 ካሳየ የተቀነሰው ዓይነት ነው፣ እውነተኛው 2304 ነው። ከዚያ ካርዱን አስጨንቆ የሚፈትነውን ፈርማርክ የሚባል ፕሮግራም ለአስር ደቂቃ አስነሱበት። ሻጩ «ኧረ አያስፈልግም፣ አዲስ ነው» ካለ ተነሱና ሂዱ።

ዱባይ ሰው ያላችሁ ቡር ዱባይ ኮምፒውተር ስትሪት የሚሉት፣ ኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ላይ ነው፣ ምርጫው ብዙ ነው። አሜሪካ ዲሲ አካባቢ ዘመድ ካላችሁ ሮክቪልና ፌርፋክስ ማይክሮ ሴንተር የሚባል የኮምፒውተር ሱቅ አለ፤ ተከፍቶ የተመለሰ ዕቃ ቅናሽ ያደርጋሉ። ከሁለቱም ችግሩ አንድ ነው፦ ከተበላሸ መልሶ የሚወስድላችሁ መንገደኛ መፈለግ።

አንድ ልጅ በውስጥ መስመር «ሎስለስ ስኬሊንግስ?» ብሎኛል። ልክ ነው፣ እሱ ይለያል። ስቲም የሚባለው የጌም መሸጫ ላይ በጥቂት ዶላር የሚገዛ ፕሮግራም ነው፤ ዋናው ካርድ ጌሙን ይሠራል፣ ሁለተኛው መሀል ላይ የሚገቡ ፍሬሞችን ብቻ ይፈጥራል። ሞኒተሩ የሚሰካው ሁለተኛው ላይ ነው። ቤታችሁ ሥራ የፈታ ካርድ ካለ ሞክሩት፣ ለዚህ ብላችሁ ግን አትግዙ።

ቀብዱ ምን ሆነ ላላችሁኝ፦ ሻጩ ብር አልመልስም ብሎ በምትኩ 8 ጊጋ ራም ሰጠው። እሱ እንኳ ይደመራል።